ሞያሌ ላይ አምስት ሊትር ዘይት የያዘችውን ሴት ኮንትሮባንዲስት አትበሏት

ሞያሌን የማያውቅ ሰው ድንበር ሲባል አጥርና ወታደር ነው የሚመጣበት። ሞያሌ ግን ኢትዮጵያ በኩልም ሞያሌ ነው ኬንያ በኩልም ሞያሌ ነው፣ የአካባቢው ሕዝብ፣ ቦረናው ገብራው ገሪው ሁሉም ማዶ ዘመድ አለው፣ ብርም ሽልንግም ይሰራል፣ ስኳር ከወዲያ ጤፍና ቦሎቄ ከወዲህ ሲመላለስ የኖረበት ከተማ ነው።

ኅዳር 2013 ጠ/ሚ አብይና ያኔ የኬንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራ ኬላውን መረቁ። የሁለቱ አገር ሰራተኞች አንድ ቦታ ሆነው መኪናውን አንዴ ፈትሸው እንዲያሳልፉት ነው ሀሳቡ፣ ኬንያ ውስጥ ካለችው ኢሲዮሎ ከተማ እስከ ሞያሌ ያለውም መንገድ አስፋልት ሆኗል፣ በጣም ጥሩ ስራ ነው። ግን ይሄ ሁሉ የታሰበው ለትራክ ነው፣ ጀሪካን አዝላ በእግሯ ለምትሻገረው እናት ማን አሰበላት?

ድርቁም የጀመረው በዛው በ2013 ነው። እስከ 2015 ድረስ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅት ከሸፈ፣ የቦረና ከብት አለቀ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፣ ቦረና ቤት ውስጥ ከብቱ የአባወራው ቢባልም ወተቱ የሴቷ ነው፣ ወተት ሸጣ ነው ጨውና ሻይ ቅጠል የምትገዛው የልጅ ደብተር የምታሟላው፣ ስለዚህ ላሟ ስትሞት መጀመሪያ የሚደርቀው የእናትየው ገቢ ነው። ታዲያ ምን ታድርግ? ማዶ ሄዳ ዘይትና ሩዝ አምጥታ በትንሽ ትርፍ ትሸጣለች። ያቺ ሴት ኬላ ላይ ስትያዝ ስሟ ኮንትሮባንዲስት ነው፣ ዘይቷ ተወርሶ ባዶ እጇን ቤቷ ትገባለች፣ በቃ የዛን ሳምንት እራት ነው የተወረሰው።

ኮንትሮባንድ የለም አላልኩም፣ አለ። ሌሊት መሳሪያ የሚያስገባ አለ፣ በሞያሌ አድርጎ ወጣቱን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግር ደላላ አለ፣ እነሱን ያዙልን ማንም አይቃወምም። ግን እነሱንና ይቺን እናት በአንድ ስም መጥራት ግፍ ነው!

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ለቤት ፍጆታና ለጉልት ንግድ ምን ያህል ዘይት፣ ምን ያህል ሩዝ፣ ምን ያህል ስኳር ያለ ቀረጥ እንደሚያልፍ በኦሮምኛ በሶማልኛና በአማርኛ ተጽፎ ኬላው በር ላይ ይለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በቃል ይነገረው፣ የሚወረስ ነገር ካለም ደረሰኝ ይሰጣት፣ ነገ አቤት የምትልበት ወረቀት እጇ ላይ ይኑር።