የመንዝ ባናም ሸማኔው ስም አለው

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ አንኮበር ነው። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕላቸው ግን የሚታየው አዲስ አበባ ነው። በዚህ ቅር አይለኝም፤ ለአህጉር የተሠራ ሥራ ነውና ቦታው እዚያው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚሁ እጃችን ላይ እያለ የሚጠፋው ነው።

በሰሜን ሸዋ ከተሞች ስለ ሥዕል ማሳያ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ታዋቂ ሥዕል ከየት እናመጣለን?» የሚል ነው። ለምን ከመንዝ ባና፣ ከበግ ጠጉር ከሚሸመነው ወፍራም ልብስ፣ አንጀምርም?

እስቲ ባናውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አይደለም፣ የበጉ የራሱ ጠጉር ነው። በዳሰሳችሁት ቁጥር ሸካራ ነው፣ ይከብዳል፤ የመንዝን ውርጭ የቻለውም በዚሁ ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይባዘታል። አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። አንድ ባና የብዙ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። ማሳያ ሲገባ ግን «ባህላዊ አልባሳት» የሚል ወረቀት ይለጠፍበትና አበቃ! ከጎኑ ያለው ሥዕል የሠዓሊው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎለታል። ይሄ ልክ አይደለም። ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? የየት ቀበሌ ነው? ማን ለበሰው? ባለሙያዎቹ በሕይወት እያሉ ይጠየቁ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የባለሙያዎቹን ድምፅ በስልካቸው ቢቀዱ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ሰው ዕቃውን የሚደብቀው «ካሳየሁ ይወሰድብኛል» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። ሆኖም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ በባለቤትነት እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ የመጠበቅ ግዴታም ይጥልበታል። ስለዚህ ማሳያው ዕቃውን በውሰት ይቀበል። የባለቤቱ ስም፣ የዕቃው ፎቶና የሚመለስበት ቀን በጽሑፍ ይስፈር፤ ሁለቱም ይፈርሙ፣ አንድ አንድ ቅጂ ይያዙ። መተማመን የሚመጣው እንዲህ ነው።

አያያዙም ይታሰብበት። ሱፍ ብል ይወዳል፤ በመስኮት የሚገባ ፀሐይም ቀለሙን ይበላዋል። ባናን በሚስማር ወጥሮ መስቀል ደግሞ በገዛ ክብደቱ እንዲቀደድ መፍረድ ነው። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ ይፈተሽ። ለዚህ ሰፊ አዳራሽ አያስፈልግም፤ አንድ ደረቅ ክፍልና ሥራውን የሚወድ ሠራተኛ ይበቃል። የከተማ አስተዳደሮቻችን ለሪባን ቆረጣው ከሚያወጡት ላይ ቀንሰው የዚያን ሠራተኛ ደመወዝ ይመድቡ።