ከርት ዋርነር እድለኛ አይደለም
ስለ አሜሪካ ፉትቦል ያነበብኩት አንድ ጽሁፍ ከርት ዋርነርን «እድለኛ ኳርተርባክ» (ኳስ የሚወረውረው የቲሙ መሪ) ብሎ ማለፉ በጣም ከነከነኝ። በፈረንጆች 1994 እኮ በድራፍት (ቲሞች አዲስ ተጫዋቾች የሚመርጡበት) የመረጠው ቲም የለም፣ ግሪን ቤይ የሚባለው ቲም ወስዶ አሰናበተው፣ ከዛ አዮዋ ውስጥ ሱፐርማርኬት ማታ ማታ እቃ ሲደረድር ነበር። እኔም አሜሪካ እንደመጣሁ ናይት ሺፍት ካርቶን እየቀደድኩ ጣሳ ስደረድር ነው የማድረው፣ ሲነጋ ጣት እንዴት እንደሚደነዝዝ አውቀዋለሁ፣ ከዛ ድካም ተነስቶ ኳስ መወርወር ቀላል እንዳይመስላችሁ! እሺ፣ 1999 ላይ የሬምስ ቲም ዋና ኳርተርባክ ትሬንት ግሪን ጉልበቱን ሲጎዳ ነው ቦታው የተከፈተለት፣ ግን በዛ ሲዝን 41 ተችዳውን (እንደ ጎል ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ) የወረወረው እድል ነው? ሱፐር ቦውል (የሊጉ ፍጻሜ ጨዋታ) ላይ በውርወራ 414 ያርድ፣ 16 ለ 16 ሆነው ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ለኳስ ተቀባዩ ለአይዛክ ብሩስ የላካት የ73 ያርድ ኳስማ፣ ተከላካዩ እላዩ ላይ እየወደቀበት ነው እኮ የለቀቃት፣ ዛሬም ሳያት ልቤ ይመታል።