ትምህርቱን ለታማሚው ተዉለት

ከባድ በሽታ የያዘው አማኝ ሁለት ሸክም አለበት። አንዱ በሽታው ነው። ሌላው ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ ይዞለት የሚመጣው ማብራሪያ ነው። «እግዚአብሔር ሊያስተምርህ ፈልጎ ነው።» «ለበጎ ነው።» «እስቲ ራስህን መርምር፤ የሆነ ነገር ይኖራል።» ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አያስብም። ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል፣ የሆነ ነገር ማለት አለብኝ ብሎ ይጨነቃል። እሱ ተናግሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታማሚው ግን እንቅልፍ አጥቶ ያንን ንግግር ሲያላምጥ ያድራል።

በሽታ መንፈሳዊ ትምህርት የለውም እያልኩ እንዳይመስልብኝ። አለው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። አልጋ ላይ ሆነው እግዚአብሔርን በጤናቸው ዘመን ከሚያውቁት በላይ ያወቁ ሰዎች አሉ። ጥያቄዬ ትምህርቱን ማን ይናገረው የሚል ነው። መልሴ ደግሞ የታመመው ይናገረው የሚል ነው፤ ካገኘው፣ ባገኘው ጊዜ።

ጳውሎስ በዚህ ጉዳይ የሚገርም ጥንቃቄ አለው። በ2ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ «የሥጋዬ መውጊያ» ስላለው ነገር ይጽፋል። ምን እንደነበረ አልነገረንም፤ ብዙዎች የሰውነት ሕመም ነው ይላሉ። እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ጌታን ለመነ። አልተወገደለትም። ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነበር። መውጊያው የተሰጠውም እንዳይታበይ እንደሆነ ራሱ ይነግረናል። ትልቅ ትምህርት ነው። ግን የተናገረው የተወጋው ሰው ራሱ ነው፤ ያውም ለምኖ ለምኖ ካበቃ በኋላ።

ይኸው ጳውሎስ ስለ ወዳጆቹ ሕመም ሲጽፍ ምን እንደሚል ተመልከቱ። የአገልግሎት ባልንጀራው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። በፊልጵስዩስ 2 ላይ ጳውሎስ «እግዚአብሔር ይህን ሊያስተምረው ነው» አላለም። እግዚአብሔር ማረው አለ፤ እኔንም ማረኝ፣ ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ አለ። ወዳጁ ሊሞትበት ስለነበረ ደንግጦ ነበር፣ አለቀ። የጉዞ ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ከተማ ላይ እንደተወው በአንድ መስመር ይጠቅሳል፤ ምክንያት አይደረድርም። ጢሞቴዎስ ሆዱን ሲያመውና ሕመም ሲደጋገምበት ደግሞ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው። ለራሱ ሕመም ትርጉም ያገኘ ሐዋርያ በወዳጆቹ ሕመም ላይ ትርጉም አልለጠፈም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው የምናደርገው። ለራሳችን ሐኪም፣ ለሌላው ስብከት እንፈልጋለን።

የኢዮብ ወዳጆችም ጅማሬያቸው መልካም ነበር። 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ ታላቅ መሆኑን አይተው አንድም ቃል አልተናገሩም። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የተናገሩትን ለብቻው አውጥተን ብናነበው ደህና ስብከት ይመስላል፤ ስለ እግዚአብሔር ጽድቅ፣ ስለ ኃጢአት፣ ስለ ንስሐ ነው። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። ሲያማርር፣ ሲከራከር፣ የተወለደበትን ቀን ሲረግም የነበረው ኢዮብ «ቅን ነገር ተናገረ» ተባለ። ደግሞም ኢዮብ ያ ሁሉ ለምን እንደደረሰበት በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነገረውም። እግዚአብሔር ተገለጠለት እንጂ ምክንያቱን አላስረዳውም።

ስለዚህ የታመመ አማኝ ቢያማርር አትደንግጡበት። መዝሙር 88፣ በግእዙ ቁጥር 87፣ በተስፋ ቃል አያልቅም። የሚያልቀው ወዳጆቹና ዘመዶቹ በራቁት ሰው ጩኸት ነው። እንዲህ ያለ ጸሎት በመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ለታማሚም አፍ ይሆናል።

ካንሰር ታማ ኬሞ ስትወስድ የነበረች አንዲት ሴት አውቃለሁ። አፏ ውስጡ ቆስሎ ነበር። ምራቅ መዋጥ እንኳ ያማታል። አንድ ቀን ማታ «አባታችን ሆይ» ጀመረች። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቆረጠ። እህቷ በእርጥብ ፋሻ ከንፈሯን እያራሰች ነበር። እጇን ሳታቆም «ዛሬ ስጠን» ብላ ቀጠለችና ጸሎቱን እስከ መጨረሻው አደረሰችላት። ሌላ ምንም አልተባለም። ከሳምንታት በኋላ ታማሚዋ ራሷ «ጸሎትን የኔ ሥራ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ለካ እኔ ሲያቅተኝም አይቋረጥም» አለች። ይህን ከማንም አልሰማችውም። ማንም ቀድሞ ቢነግራት ኖሮ የሚገባትም አይመስለኝም።

ያንን ሳስብ በማርቆስ 2 ላይ ያለው የቅፍርናሆሙ ሽባ ትዝ ይለኛል። አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ሕዝቡ በሩ ላይ ተጨናንቆ መግቢያ ስላጡ ጣሪያውን ነድለው አወረዱት። ሽባው በታሪኩ ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም። ወንጌሉ ኢየሱስ «እምነታቸውን» አየ ይላል፤ የተሸካሚዎቹም እምነት ተቆጥሯል። «እምነትህ ስላነሰ ነው ያልዳንከው» የምንል ሰዎች እዚህ ጋ ቆም ብለን ብናነብ ጥሩ ነው። ታማሚው እምነት ሲያንሰው የተሸካሚዎቹ ድርሻ ይጨምራል ማለት ነው።

ስለ ሕክምናም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ሰው እየሞተበት ያለ ጉዳይ ስለሆነ። «ካመንክ መድኃኒቱን ተው» የሚል ምክር ከመጽሐፍ ቅዱስ አልመጣም። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ አለቀሰ፣ ጸለየ፣ 15 ዓመት ተጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ከዚህ ሁሉ ጋር የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደረገለት። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ዕድሜውን ሙሉ በሕመም የተንገላታ ጳጳስ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ያሉበት የሕሙማን ማረፊያ ያሠራ እሱ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በአንድ ሰው ቃል መድኃኒቱን ሲያቋርጥ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ምክሩን የሰጠው ሰው አይደለም። ይህ ያናድደኛል፤ ሊያናድደንም ይገባል።

ሕዝቅያስ ከዳነ በኋላ ደግሞ ልቡ ኮራ፤ 2ኛ ዜና መዋዕል 32 ላይ አለ። በሽታ ሰውን በራሱ አያስተካክልም። ስቃይ አንዱን ያለሰልሳል፣ ሌላውን ያመርራል፣ አንዳንዱን እንደነበረ ይተወዋል። ስለዚህ ምንም «ያልተማረ» ታማሚ ፈተና እንደወደቀ ተማሪ ሊታይ አይገባም። መታመሙ ራሱ በቂ ሥራ ነው።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ይላል። ጠሪው ታማሚው ነው። የመጡት ደግሞ እንዲጸልዩለትና በጌታ ስም ዘይት እንዲቀቡት ታዘዋል። እንዲያስረዱት አልታዘዙም።