ባዶ ዝርዝር ብዬ የሰጠሁት ነገር እድራችንን ሊያፋጅ ነበር

ኧረ ብሶቴን ልተንፍስ፣ ዛሬ ካልጻፍኩት አንጀቴ ውስጥ ይቀራል። ኮድ የማትጽፉም አንብቡት፣ ነገሩ የእድር ብር ነውና ይገባችኋል።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው ያለሁት። የእድራችን ጸሐፊ ጋሼ አይናቸው ደከም ብሏል፣ "አንተ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተጎልተህ ነው የምትውለው፣ እስቲ ይቺን መዝገብ አስገባልን" አሉኝ። ለሳቸው እምቢ አይባልም። እኔ ደግሞ ስሰራ የኖርኩት ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮድ ቋንቋ ነው፣ ግን ለእንዲህ ያለ ትንሽ ስራ ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ይቀላል ሲሉ ሰምቼ በሱ ጀመርኩ። ሁለት ማታ ጋቢ ደርቤ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ጨረስኩት (የኛን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጣት ኪቦርዱ ላይ እንጨት ነው የሚሆነው)።

እንደውም ተዝናንቼበት ነበር። ፓይተን 3 የፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ አንድ ስራ የሚሰራ የኮድ ቁራጭ ነው) ስም በአማርኛ ብትጽፉለት ይቀበላል፣ ስለዚህ ፈንክሽኔን "አዲስ_አባል" አልኩት፣ ደስ አይልም? አንዴ ብቻ በፈረንጁ ኮማ ፋንታ የኛን ነጠላ ሰረዝ አስገባሁና እሪ አለ፣ ቀይ በቀይ ሆነ፣ ይሄን ምልክት አላውቀውም ብሎ መስመሩን ቆጥሮ፣ ቦታውን በጣቱ ጠቁሞ አሳየኝ። ይቺን ነጠላ ሰረዝ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ። ፈንክሽኑ የተጻፈው እንዲህ ነው፦

አዲስ_አባል(ስም, ሂሳብ=[])

ማለትም የሰውየውን ስም እሰጠዋለሁ፣ የቆየ ሂሳብ ካለው እሱንም እሰጠዋለሁ፣ ከሌለው ዲፎልቱ (ምንም ካልሰጠሁት በራሱ የሚይዘው) ባዶ ዝርዝር ይሁንለት። ነባሮቹን ከደብተር ገልብጬ ስላስገባኋቸው አንድም ችግር የለም። ዘንድሮ የገቡ ሦስት አዲስ አባላት ግን የቆየ ሂሳብ የላቸውም፣ አንዷ ሙሽራ፣ አንዷ ጎረቤታችን እትዬ፣ አንዱ ሸዋ ሮቢት የሚመላለስ ሹፌር። ለነሱ ባዶው ይያዝላቸው ብዬ ተውኩት። መዋጮው በወር 50 ብር፣ ሁለት ወር ከፍለዋል፣ በቃ።

እሁድ ስብሰባ ላይ ጋሼ ወረቀቱን ማንበብ ጀመሩ። ሙሽራይቱ፦ 50፣ 50፣ 50፣ ቀብር በመቅረት ቅጣት 20፣ 50፣ 50፣ 50። እሷ ምስኪን ሙሽራ ናት፣ አፍራ ቦርሳዋን ከፍታ ያልተቀጣችውን 20 ብር ቆጥራ ሰጠች። ቀጥሎ እትዬ፣ እሳቸውም ያው፣ ቁጥሩ አልተዛነፈም፣ ቅጣቱም አለ። እትዬ ብድግ አሉ። "እኔ ነኝ ቀብር የቀረሁት? ንፍሮውን ሌሊቱን ሙሉ ስቀቅል ያደርኩት ማን ሆኖ ነው?" ድንኳኑ ተናጋ። ሹፌሩ ዝም፣ ምክንያቱም የቀረው እሱ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና "ልጄ፣ ወረቀትህ ምን እያለ ነው?" ምን ልበላቸው?

ማታ ቤት ገብቼ የሦስቱን ዝርዝር አይዲ፣ ማለትም ማሽኑ ለእያንዳንዱ ነገር የሚሰጠውን መለያ ቁጥር፣ እንዲያሳየኝ አደረግኩ። ሦስቱም አንድ ቁጥር! ሦስት ሰው፣ አንድ ዝርዝር። ለካ ፓይተን ያንን ባዶ ዝርዝር ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር አይሰራውም፣ የፈንክሽኑን መግለጫ መስመር መጀመሪያ ሲያነብ አንዴ ይሰራውና ከፈንክሽኑ ጋር አስሮ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ባዶ ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ ነው የሚያቀብለው። እኔ ለየሰው አዲስ ደብተር የማድል መስሎኝ፣ እሱ ለካ እንደ ማህበር ጽዋ አንዱን እያዞረ ኖሯል። ቁጥር ወይም ጽሁፍ ቢሆን ችግር የለውም፣ እነሱ ስለማይለወጡ። ዝርዝር ወይም ዲክሽነሪ (ስምና ዋጋ አጣምሮ የሚይዝ መዝገብ) ሲሆን ግን አንዱ የጨመረው ሁሉም ጋ ይታያል።

እኔን የበላኝ የመጣሁበት ቋንቋ ነው። ጃቫስክሪፕት ላይ ይሄ ዲፎልት የሚባለው ነገር በ2015 እ.ኤ.አ. ሲገባ በየጥሪው አዲስ ሆኖ እንዲሰራ ተደርጎ ነው፣ ሩቢ የሚባለው ቋንቋም እንደዚያው።

አሁን ደግሞ አንዳንዱ ወንድሜ መጥቶ "ሰነዱ ላይ አለኮ" ይለኛል። አውቃለሁ አለ! የፓይተን መማሪያ ላይ፣ ያውም "አስፈላጊ ማስጠንቀቂያ" ተብሎ ተጽፏል። አመክንዮውም ይገባኛል፣ ፈንክሽን መግለጽ ራሱ የሚፈጸም መስመር ነው፣ ስለዚህ ዲፎልቱም እዚያው ይሰራል፣ እሺ። ግን ወገኖቼ፣ ማስጠንቀቂያ እንደሚያስፈልገው ካወቃችሁ ምናለ ማሽኑ ራሱ ቢያስጠነቅቀኝ? ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሰፈር የሚያሰማ ቋንቋ የሦስት ሰው ብር ሲቀላቀል ትንፍሽ አይልም። ኤረር የለ፣ ቀይ መስመር የለ፣ ቁጭ ብሎ በትህትና ይደምራል። መቼስ ገደል አፋፍ ላይ ያለ አጥር በመጽሐፍ ይታጠራል እንዴ! ኮድ የሚመረምሩ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ፣ ይሄን አይተው የሚናገሩ፣ ግን እነሱን ለብቻ የሚጭነው አንዴ የተነከሰ ሰው ነው፣ ጀማሪ ከየት አውቆ?

መፍትሄው ተብዬው ደግሞ ይብሳል። በባዶ ዝርዝር ፋንታ ነን (None፣ በፓይተን "ምንም የለም" ማለት ነው) ትሰጣለህ፣ ከዚያ ፈንክሽኑ ውስጥ ገብተህ "ነን ከሆነ አዲስ ዝርዝር ስራ" ብለህ በእጅህ ትጽፋለህ። ይሄን መስመር ስንት ሺህ ሰው በየቀኑ እየደጋገመ ይጽፈዋል። እኔም ጻፍኩት፣ ሦስቱ ተለያዩ፣ እትዬ ነጻ ወጡ፣ ቅጣቱ ሹፌሩ ጋ ሄደ።

ተገላገልኩ ብዬ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል አንድ ነገር አይኔ ገባ። ክፍያ የሚመዘግበው ሌላው ፈንክሽን ላይ ቀኑን ዲፎልት አድርጌዋለሁ፣ "አሁን" እንዲል። ያው በሽታ! "አሁን" የተባለው ፕሮግራሙ የተነሳበት ደቂቃ ነው፣ እኔ ደግሞ ላፕቶፔን አላጠፋም፣ ክዳኑን ጫን አድርጌ ነው የምተኛው። የሁለት ሳምንት ክፍያ በሙሉ፣ ስልሳ ምናምን ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ደቂቃ ላይ ተሰልፎ ከፍሏል። ዘግይቶ የከፈለ የለም ማለት ነው። የመዘግየት ቅጣት ደግሞ የእድሩ ደንብ ላይ አለ።

ለሙሽራይቱ 20 ብሯን ከኪሴ መልሼላታለሁ። የቀኑን ነገር ግን ለጋሼ እስካሁን አልነገርኳቸውም፣ እሁድ ደግሞ እየደረሰ ነው።