ለመስቀል አደባባዩ ያልተቀጠሩ አሰልጣኝ

ለተከበሩ አሰልጣኝ
መስቀል አደባባይ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ

ጉዳዩ፦ በነፃ የሚሰጡኝን ሥልጠና እንዲያቋርጡልኝ ስለመጠየቅ

መቼም አይረሱኝም። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰማያዊ ቱታ ለብሼ የመጣሁት ሰውዬ ነኝ። ገና የጫማዬን ክር ሳስር ነው የጀመሩኝ። «ጎበዝ ፋዘር! መጀመሪያ እንዲህ ማፍታታት ነው!» አሉ። እያፍታታሁ አልነበረም። ጎንበስ ካልኩበት ቀና ማለት አቅቶኝ ነው።

እርስዎ ዳዴ ሲሉ እኔ እዚሁ ነበርኩ። በ1993 መስከረም ላይ ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው፣ የሰፈር ልጆች በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እዚህ ተገኝተናል። ከታችኛው ደረጃ ተነስቶ ከዳር እስከ ዳር፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው፣ እንዲያ እየተጠማዘዙ እስከ ላይ። ያኔ ደረጃው አፈር ነበር። ስንጨርስ ካልሲያችን ይቆማል። የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ተራ በተራ ኃይሌ እየሆንን እንሮጣለን። ቴርጋትን የሚሆን ሰው ግን ይጠፋል፤ ትንሹን ልጅ አስገድደን ነው። በ1994 ኅዳር የመጀመሪያውን ታላቁ ሩጫም ሮጫለሁ። ያሸነፈው ኃይሌ ነው። እኔ ስጨርስ እሱ ቤቱ ገብቶ ምሳ ሳይበላ አይቀርም።

አሁን አደባባዩ ታድሷል፤ በ2013 ተመርቋል። ለእኔ እስካሁን በጀት አልተያዘልኝም።

አንዱን ደረጃ እንደጨረስኩ «ትንፋሽ! በአፍንጫ አስገብተው በአፍ ያስወጡ!» አሉ። ጌታዬ፣ ከተማችን እኮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ራሱ በስንት ልመና ነው የሚገባው። በየትኛው በር እንደሚገባ የምመርጥለት እኔ ነኝ?

ቀጠሉ። «እጅ! እጅ ዝቅ!» ይህን ሲሉ እጅዎ ላይ ቦምቦሊኖ ነበር። ስኳሩ ጺምዎ ላይ ቀርቷል። የተጠቀለለበት የደብተር ወረቀት የአንድ ምስኪን ተማሪ የሒሳብ ፈተና ነው፤ ከ10 ሦስት ያገኘበት። ይህን ሁሉ ያነበብኩት እየሮጥኩ ነው። ፍጥነቴን ከዚህ ይገምቱ።

ጫማዬንም አልማሩትም። «አበበ ቢቂላ እኮ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው!» ልክ ነው፣ ሮም ላይ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ ነው ወርቁን የደገመው። እዚያው ልነግርዎ አፌን ከፍቼ ነበር። ትንፋሽ አጣሁ።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት አንዷን ነው።

አራተኛው ደረጃ ላይ አንድ ቀጫጫ ልጅ አለፈኝ። «በርታ ኃይሌ!» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «አይዞን ፋዘር፣ ዋናው ጤና ነው» አሉኝ።

ያ ስም እኮ የኔ ነበር! በዚያ ዘመን እዚህ ደረጃ ላይ ሮጦ «ኃይሌ» ያልተባለ ጎረምሳ የለም። የሚለውም ሰው አይጠፋም፤ እዚያችው እርስዎ የቆሙባት አካባቢ ቆሞ፣ ምናልባትም ቦምቦሊኖውን ይዞ። አንዴ ከተጠራሁ ሦስት ደረጃ በትርፍ እሮጥ ነበር። ደግሞ አልዋሽም፣ እንዲጠራኝ ብዬ እሱ ጋ ስደርስ ፍጥነት እጨምራለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ። ስለ ትንፋሽ፣ ስለ እጅ፣ ስለ ጫማ አንድም ቃል እንዳይተነፍሱ። ብቻ እርስዎ ጋ ስደርስ፣ ያ ቀጫጫ ልጅ ራቅ ሲል፣ አንዴ «ኃይሌ» ይበሉኝ። ጮክ ባይሉም ይሰማኛል። የቦምቦሊኖው ሒሳብ በእኔ።

ከሰላምታ ጋር
ፋዘር

ግልባጭ፦
ለቀኝ ጉልበቴ
ሚዛን ይዞ ለሚዞረው ልጅ (ኪሎዬን ጮክ ብሎ እንዳያነብ)