ሦስት ሚስኮል

ባለፈው ሰኞ ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ላይ በሦስት ሚስኮል ተጨቃጨቅን።

ቦታው ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ነው፤ ዛፍ ስር፣ አንዲት ጎረቤታችን ቡና የምታፈላበት። ግንቦት ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላም አስፋልቱ ሙቀቱን አይለቅም። ግማሾቻችን በሽርጥ ነን። አንድ ባጃጅ ነጂ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ባለቡናዋና እኔ።

ባጃጅ ነጂው ሊቨርፑል ነው። «የሊቨርፑል ደጋፊ» ማለት ይቻል ነበር፤ ድሬ ላይ ግን ሰው ክለቡን ራሱን ነው የሚሆነው። ባጃጁ ኋላ ላይ በቀይ ስቲከር «ኳስ ከሞትና ከሕይወት ይበልጣል» ብሎ አስለጥፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ጨዋታው ከምሽቱ 12:30 ላይ ጀመረ። የእናቱ ሰፈር ከቀትር ጀምሮ መብራት አልነበረውም። ዲኤስቲቪ ቤቱ ግን ጀኔሬተር አለው። ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባና የፊት ወንበር ያዘ። እናቱ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢንሱሊኗ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ፍሪጁ ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። የድሬ ግንቦት ለኢንሱሊን አይሆንም፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ስለዚህ በረዶ ገዝተህ አምጣልኝ ልትለው ደወለች። ልክ ዕረፍት ላይ ነበር። ስሟን አየው። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ደግማ ደወለች። ሦስተኛው ጥሪ ሲመጣ ዳኛው ስድስት ደቂቃ ጨምሯል፤ ውጤቱ አንድ እኩል ነው። ማን ያነሳል?

እናት ሲያቅታት ብልቃጡን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስገብታ፣ ብርጭቆውን በእርጥብ ሻሽ ጠቅልላ ወጣች። ጉልበቷ ያማታል። በድልድዩ መዞር ስለከበዳት የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ በስልኳ መብራት አቋርጣ፣ ማዶ መብራት ያለው አንድ ባለሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችው። ያንኑ ሦስት ጊዜ የደወለችበትን ስልክ ነው ያበራችው።

ወሬውን ያነሳችው ባለቡናዋ ናት። ከእናትየዋ ሰምታለች።

«አቦ ምን ሆነ ታዲያ?» አለ እሱ። «መድኃኒቱ ተርፏል። እሷም ደህና ናት። ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።»

«ያላንተ ነዋ የተረፈው» አለችው። እሳቱን ማራገቧን አላቋረጠችም።

ተናደደ። እውነት ለመናገር፣ ያን ማታ ከተነገረው ሁሉ እስካሁን ውስጤ የቀረው የሱ ንግግር ነው። «ስማኝ ዋሪያ» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ስድስት ቀን ሙሉ የሰው ዕቃ፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ጠብ ሳመላልስ ነው የምውለው። ትራፊኩ ይጮህብኛል። ተሳፋሪው ይጮህብኛል። ቤት ስገባ የባጃጁ ዕዳ አለ፣ የወንድሜ ትምህርት አለ፣ የእናቴ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱን ማን ነው የሚገዛው? እኔ ነኝ! በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ማንም ምንም የማይጠይቀኝ። እሷንም ውሰዱብኛ!»

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ምን ይባላል? መድኃኒቱን የሚገዛው እሱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ዝምታውን የሰበረው ጡረተኛው ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም፤ እሱንም ሁላችንም አንተ ነው የምንለው። «እኔም እንደ አንተ አብጄ ነበር» አለ። «ጥጥ ፋብሪካ ሻምፒዮን ሲሆን ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ትቼ አጥር ላይ ነው የምውለው።» ይሄ እውነት ነው፤ የድሬዳዋ ጥጥ በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። አገሪቱም በ1954 ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው በዚያው ዘመን ነው። «ግን ተጫዋቹ ሰፈራችን ነበር» አለ። «ሰርግ ላይ እናገኘዋለን። እናቱ ስትሞት ለቅሶ ደርሰናል። ይሄ ያንተ አጥቂ ለእናትህ ለቅሶ ይደርሳል?»

«እናቴን አትግደልብኝ!» ብሎ ጮኸ ልጁ።

«እሺ፣ ዕድሜ ይስጣት። የብርቱካናማዎቹን ተከላካዮች ስም ንገረኝ። የራስህን ከተማ ቡድን።»

ሁለት ጠራና ቆመ። ሽማግሌው የረታ መስሎት ፈገግ አለ።

እኔ ግን አልረታም ባይ ነኝ። አስተማሪውም ቶሎ ያዘው። «እንዴ ጋሼ፣ በዚያን ጊዜ የጥጥ ጨዋታ ላይ እያለህ እናትህ መድኃኒት ብላ ብትጠራህ አልሄድም ማለት ትክክል ይሆን ነበር? ተጫዋቹ ጎረቤትህ ስለሆነ?» ጡረተኛው መልስ አልነበረውም። ቡናውን ጠጣ።

አስተማሪውም ሊቨርፑል ነው። የስቲከሩን ነገር ያመጣው እሱ ነው። «ያቺ ባጃጅህ ላይ ያለችው ቃል የማን እንደሆነች ታውቃለህ?»

«የቢል ሻንክሊ ናታ፣ ቲቸር። የኛ አሰልጣኝ።»

«ከፊቷና ከኋላዋ ያለውንስ?»

ልጁ አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። አስተማሪው እንደ ክፍል ውስጥ ቆም እያለ ነገረን። ሻንክሊ በ1959 እንደ ፈረንጆቹ ሲመጣ ሊቨርፑል ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበር። አሳድጎ ሻምፒዮን አደረገውና በ1974 ሥራውን ለቀቀ። በ1981 አንዲት ጋዜጠኛ በቴሌቪዥን አነጋገረችው። መላ ልቤን ለኳስ ሰጥቻለሁ፣ በዚህም ቤተሰቤ ተጎድቷል አላት። ይቆጭሃል ወይ ስትለው፣ በጣም ይቆጨኛል አለ። ያቺ ቃል የመጣችው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰው፣ ኳስ ላንተ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው ሲለኝ፣ ከዚያም ይበልጣል ብዬው ነበር አለ። ወዲያው አስከትሎ ቤተሰቤ ተጎዳ፣ ችላ አልኳቸው ብሎ ጨረሰ። በዚያው ዓመት ሞተ።

«እና ሰውየው እየተጸጸተ ነው የተናገራት?» አለ ባጃጅ ነጂው።

«እየተጸጸተ።»

ልጁ ወደ ባጃጁ ዞሮ አየ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረም። ጨዋታውም ወደ ዘይት ዋጋ ዞረ።

እኔ ቤት ገብቼም አልለቀቀኝም። እኔ አርሰናል ነኝ። ግንቦት 9 ቀን 1998 ፓሪስ ላይ በባርሴሎና ስንሸነፍ ገና ልጅ ነበርኩ። በረኛችን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጥቶ፣ በአስር ሰው ካምቤል አግብቶ መርተን፣ መጨረሻ ላይ ኤቶና ቤሌቲ ሲያገቡብን ዓለም ያለቀ መሰለኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። እናቴ ሳህኑን ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማ ስትለምነኝ ትዝ ይለኛል።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ መጣ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ጠዋት ሜዳ የነበረው አሸዋ ላይ ፍራሽ፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የልጅ ጫማ ተበትኖ ነበር። በግንቦት ዲኤስቲቪ ቤት የተሰዳደቡት ልጆች አንድ ላይ ሆነው ጭቃ ሲዝቁ አየሁ። የአርሰናል ማሊያ የለበሰና የባርሳ ማሊያ የለበሰ አንድ የተቀበረ አልጋ ይዘው ሲጎትቱ። ያን ያየሁ ሰው ኳስ ከንቱ ነው አልልም። ስም የማንተዋወቅ ልጆች በመልክ የተዋወቅነው እዚያ ቤት ተሰብስበን በመጮሃችን ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን በሽንፈት እህል ማቆም ለኔ ቀረ።

ስለዚህ በልጁ ላይ የምፈርደው ኳስ ወደደ ብዬ አይደለም። ሁለት ሰዓቱም ይገባዋል። ጡረተኛው እንዳለው ተጫዋቹ ፈረንጅ ስለሆነም አይደለም፤ ሰው የሩቁንም ቢወድ ምንም አይደል። የምፈርድበት ስለ መጀመሪያዋ ጥሪ ነው። የተደወለው ዕረፍት ላይ ነበር። ዕረፍት 15 ደቂቃ ነው። ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። በረዶ የሚሸጠው ቤት ደርሶ፣ እናቱ ጋ ጥሎ ለመመለስ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ቢዘገይ አምስት ደቂቃ ቢያመልጠው ነው። ያቺ ጥሪ ከሁለት ሰዓቱ ምንም ያህል አትወስድበትም ነበር። ስልኩን ደግሞ ዝም ብሎ አልተወውም። ስሟን አይቶ ገለበጠው። ስልክ የሚገለብጥ ሰው ማን እንደጠራው፣ ለምን እንደጠራውም ይጠረጥራል። መብራት እንደሌለ ያውቅ ነበር። ኢንሱሊኑን የገዛው ራሱ ነው፤ ሙቀት እንደሚያበላሸው ፋርማሲ ላይ ተነግሮታል።

ይቅርታ ጠይቄያለሁ ማለቱን አምነዋለሁ። እናቱም ይቅር ብላዋለች፤ ጠዋቱን ቁርስ አብልታ ነው የሸኘችው አሉ። ሲለያዩ «ማን አሸነፈ?» ብላ እንደጠየቀችውም ሰምቻለሁ። እናት ናትና በዚህ አልገረምም።

ባለቡናዋ ግን እስካሁን አኩርፋዋለች። ትናንትም ቡናውን ያለ ወሬ ነው የቀዳችለት። እሱ ቅር ብሎታል፤ ነገሩ አልቋል እያለ ነው። እኔ ከባለቡናዋ ጋር ነኝ።