እዚያ ጨዋ፣ እዚህ ባለጌ

ሐዋሳ ሄዶ ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ በጠዋት ያላየ ሰው፣ ሐዋሳን አየሁ ባይል ይሻለዋል። መረብ ይራገፋል፣ ቆሮሶ ይገፈፋል፣ የዓሣ አንጀት ይጣላል። አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ግዙፍ ወፎች ካፖርት እንደደረበ የለቅሶ ቤት ሽማግሌ ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ዘንድሮ ከዴንቨር ስንመጣ ልጆቼን መጀመሪያ የወሰድኳቸው እዚያ ነው።

አንድ ልጅ አንጀት ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ያብሉትና ፎቶ ይነሱ።» ከፈልኩት። ወፉ ከእጄ ሲነጥቀኝ ተሳሳቅን፣ ቪዲዮ ቀረጽን። ቀጥለን ለጦጣዎቹ ሙዝ አደልን። አንዷማ የልጄን ቦርሳ ልትበረብር ነበር።

ማታ ትልቋ ልጄ «አባዬ፣ ይሄን የሎውስቶን ብናደርገው ምን ይሉን ነበር?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። አምና ሄደን ነበራ። የሎውስቶን በ1872 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር፣ ባይሰን ከሚባለው የአሜሪካ ጎሽ 23 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ማብላት ያስቀጣል። እኔ እዚያ ከመኪናም አልወረድኩ። ትንሹ ልጄ የጣለውን የብስኩት ፍርፋሪ እንኳ አስለቅሜዋለሁ።

ፈረንጅ ሁሉ ያውቃል ማለቴ አይደለም። እዚያው ፓርክ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ ጎብኚ የባይሰን ጥጃ በርዶታል ብሎ መኪናው ላይ ጭኖ ወሰደ። ጥጃው ከመንጋው መልሶ ሊቀላቀል ስላልቻለ ተገደለ። እኔንም ጨዋ ያደረገኝ ቅጣቱ ሳይሆን አይቀርም።

የአባ ኮዳው እንኳ ይሁን፤ አንጀቱን ያለ እኔም ይበላው ነበር። የከነከነኝ የጦጣዎቹ ነው። ሙዝ የለመደች ጦጣ ነገ ባዶ እጁን የመጣ ሕፃን ላይ ነው የምትዘለው።

በነጋታው ጉማሬ ለማየት ጀልባ ያዝን። ባለ ጀልባው ሃያ ምናምን ቢሆነው ነው። ደንገሉ ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ።

«ጠጋ በል እንጂ፣ ለቪዲዮ» አልኩት።

«ግልገል ይዛለች ጋሼ። አይሆንም።»

ጉርሻ ልጨምርልህ ስለው ሳቀብኝ። «እርስዎ ነገ ይሄዳሉ። እኔ ነገም እዚሁ ነኝ።»

ስንመለስ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ የሃይላንድ ኮዳ በመቅዘፊያው ስቦ አወጣ። «የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከዚህ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባ ሁሉ እዚሁ ነው የሚቀረው» አለኝ። ኢኮቱሪዝም፣ ማለትም ተፈጥሮን ሳይጎዱ መጎብኘት፣ ሲባል ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሥልጠና ላይ ሰምቻለሁ። አበል ነበረው።»

ያረፍንበት ቦታ ታፔላው ላይ «ኢኮ» ይላል፤ ክፍላችን ውስጥ በየቀኑ አራት አራት የፕላስቲክ ውሃ ይደረድሩልናል። እኛም ባዶውን እየተውን እንወጣለን። የት እንደሚደርስ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ዴንቨር ቢሆን ኖሮ ለይቼ ካልጣልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አባ ኮዳውን ሳበላ የተቀረጽኩትን ፌስቡክ ላይ ለጥፌው ነበር። አንድ የዴንቨር ወዳጄ «የት ነው? እኛም ስንመጣ እናበላዋለን» ብሎ ጻፈልኝ። የባለ ጀልባውን ስልክ ላክሁለት።